ጋሻ ጃግሬና ባላገር በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለ አውሮፓ ፊውዳል ሥርዓት ሲነገር በጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚሣለው መሰላል ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ከታችኛው እርከን የ7 ዓመት ልጅ ይቆማል፤ «ፔጅ» ማለት የእልፍኝ ብላቴና ይባላል። በመካከለኛው እርከን የ14 ዓመት ጎረምሳ ይቆማል፤ «ስኳየር» ይባላል። ከላይ የ21 ዓመት ጎልማሳ ሰይፉን ታጥቆ ይቆማል፤ እሱ «ናይት» ነው። ተማሪው ሦስቱን ስምና ሦስቱን ዕድሜ በደብተሩ ይገለብጣል፤ በፈተና ይጠየቃል፤ ይመልሳል፤ ሙሉ ማርክ ያገኛል። እኛም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ስናስተምር ኖረናል። አንድ ቀን ግን ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መሰላሉን ያልወጣውስ ሰው የት ሄደ?» ሲል ጠየቀን። የመማሪያ መጽሐፉ መልስ አልነበረውም፤ እኛም በዚያ ሰዓት አልነበረንም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን መልስ ለመስጠት ነው። ስለ ናይቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ገባሩም ጥቂት አይባልም። በሁለቱ መካከል ቆሞ የአንዱን ጋሻ የያዘው፣ የሌላውን ምርት የሰበሰበው ሰው ግን በትምህርታችን ውስጥ የአንድ መስመር ያህል ቦታ ብቻ ነው ያለው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። በላቲን ጋሻ «ስኩቱም»፣ ጋሻ ያዡም «ስኩታሪዩስ» ይባል ነበር። ቃሉ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ኤስኪዬ» ሆነ፤ ወደ እንግሊዝኛም «ኤስኳየር» ሆኖ ገባና በአፍ ሲላላ «ስኳየር» ቀረ። እንግዲህ የኛ ቋንቋ ለዚህ ሰው ስም መበደር አያስፈልገውም፤ «ጋሻ ጃግሬ» የሚለው ቃል ሁለቱን ነገር፣ ማለትም ጋሻውንም አገልጋይነቱንም፣ በአንድነት ይዞ ይገኛል። ዳዊት በሳኦል ዘንድ ጋሻ ጃግሬ እንደ ነበረ ተማሪዎቻችን ከመጽሐፍ ቅዱስ ያውቃሉ። እግረ መንገዳችንንም አንድ ነገር እናንሣ። በአገራችን ጋሻ የመሬት መለኪያ ስም ሆኖ እንደ ኖረ፣ በእንግሊዝም ከጋሻ ስም የተወሰደ ግብር ነበር፤ መሬት የያዘ ናይት ዘምቶ በማገልገል ፈንታ ለንጉሡ የሚከፍለው ገንዘብ «ስኩተጅ»፣ እንደ ቃሉ የጋሻ ገንዘብ፣ ይባል ነበር። በሁለቱም አገር ጋሻና መሬት ተያይዘው መነገራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ተመሳሳይነቱን ከዚህ አልፈን ብንስበው እንሳሳታለን፤ ምክንያቱም የእንግሊዙ ጋሻ ጃግሬ ከጊዜ በኋላ ጋሻውን አስቀምጦ ሌላ ሰው ሆኗልና።

በ12ኛው መቶ ዓመት በዚህ ስም የሚጠሩት ሰዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው የመኳንንት ልጅ ሲሆን፣ ሙያ ይማር ዘንድ በዘመድ ወይም በአባቱ ጌታ ቤት የሚቀመጥ ነው። ሁለተኛው ግን ደሞዝ ተቆርጦለት ፈረስ የሚያበላ፣ ገለባና እንጨት ፍለጋ የሚላክ ተራ አሽከር ነው። የመማሪያ መጽሐፎች የሚያውቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን በቁጥር አነስተኛ አልነበረም። በ1129 በትሯ ከተማ የጸደቀው የቴምፕላሮች ማኅበር ደንብ ለአንድ ናይት ሦስት ፈረስና አንድ ጋሻ ጃግሬ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ የማኅበሩ አለቃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይኸው ደንብ ጋሻ ጃግሬው ያለ ደሞዝ፣ ለጽድቅ ብሎ የሚያገለግል ከሆነ፣ ጌታው ለማናቸውም ጥፋት እንዳይመታው ይከለክላል። ይህች አንዲት አንቀጽ ብዙ ታስተምራለች። ክልከላው ለጽድቅ የሚያገለግለውን ብቻ ለይቶ መጥቀሱ፣ ደሞዝተኛውን መምታት ልማድ እንደ ነበረ ያሳያል።

ሥራው እንደሚከተለው ነበር። ከጎህ አስቀድሞ ፈረሶቹን ማየት፣ ማጠጣት፣ ማበጠር፤ ኮርቻና ልጓም መጠገን፤ ከትንንሽ የብረት ቀለበቶች የተሠራው ጥሩር ዝገት እንዳይበላው በአሸዋ ማሸት፤ በምሳ ሰዓት ከጌታው ፊት ቆሞ ሥጋ መቁረጥና ወይን ማሳለፍ፤ ማታ ልብሱን ማስወለቅ። በጦር ሜዳ ደግሞ ጌታውን ማስታጠቅ፣ የጦር ፈረሱን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሳይጫን እየሳበ መሄድ፣ ፈረሱ ሲመታ ተቀያሪውን በግርግሩ መካከል ማድረስና የተማረከውን ጠላት መጠበቅ የእሱ ፈንታ ነበር። ምርኮኛ ማለት ቤዛ፣ ቤዛም ማለት ገንዘብ ስለ ሆነ ይህ የመጨረሻው ሥራ ቀላል አደራ አልነበረም። ሥጋ መቁረጥ ለጌታ ልጅ ውርደት አለመሆኑ ተማሪዎችን ያስገርማቸዋል፤ በታላቅ ሰው ገበታ ፊት መቆም ማዕረግ በሆነበት ቤት ያደገ ሽማግሌ አያት ያለው ተማሪ ግን ቶሎ ይገባዋል።

የአንድ ጋሻ ጃግሬ ሕይወት ምን ይመስል እንደ ነበር ለማየት የዊሊያም ማርሻልን ታሪክ ያህል የተሟላ የለም። ዊሊያም የተወለደው በ1147 ገደማ ሲሆን፣ አባቱ ጆን ማርሻል ለርስት መብቃት ከማይችሉት ታናናሽ ልጆቹ አንዱ ነበር። በ1152 ንጉሥ ስቲቨን የኒውቤሪን ምሽግ ሲከብ ጆን የ5 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለውን ዊሊያምን ለቃሉ መያዣ አድርጎ ሰጠው፤ ቃሉንም አፈረሰ። ልጁ ይሰቀላል ሲባል አባትየው ሌላ ልጅ የሚወልድበት ጉልበት እንዳለው በመግለጽ ግድ እንደሌለው መለሰ ይባላል። ንጉሡ ግን በሕፃኑ ላይ መጨከን አቃተውና ማረው።

ዊሊያም ዕድሜው ከ12 ዓመት ከፍ ሲል ባሕር ተሻግሮ ኖርማንዲ ወደሚገኘው የእናቱ ዘመድ፣ ወደ ዊሊያም ደ ታንካርቪል ቤት ተላከ። እዚያም 8 ዓመት ያህል ጋሻ ጃግሬ ሆኖ ኖረ። በቤቱ ያሉት ሌሎች ወጣቶች ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል እንጂ ምንም አይረባም እያሉ «ሆዳም» የሚል ስም አወጡለት። በ1166 ገደማ በድሬንኩር ውጊያ ዋዜማ ሰይፍ ታጥቆ ናይት ሆነ። በውጊያው በጀግንነት ቢዋጋም ፈረሱ ተገደለበት። ማታ በግብሩ ላይ አንድ ታላቅ መኰንን «እስቲ ከማረክኸው የፈረስ ዕቃ አንዱን ስጠኝ» ብሎ ቀለደበት። ወጣቱ ከውጊያው አንዳች ይዞ እንዳልተመለሰ ሁሉም ያውቁ ስለ ነበር አዳራሹ በሣቅ ሞላ። ከዚያም ሰላም ሆነና ጌታው ተጨማሪ ሰው አላስፈለገውም፤ ሌላም ፈረስ ወዲያው አልሰጠው። አዲሱ ናይት በሹመቱ ቀን የለበሰውን ካባ ሸጦ ዕቃውን የሚጭንበት አጋሰስ ገዛ። መሰላሉ ጫፍ ላይ የወጣ ሰው ካባውን ሸጦ አጋሰስ መግዛቱ በጥቁር ሰሌዳችን ላይ አይታይም።

ዊሊያም ግን ዕድል የቀናው ሰው ነው። በፈረሰኞች ግጥሚያ ፈረስና ምርኮኛ እየማረከ ሀብት አፈራ፤ በ1189 የፔምብሩክን ወራሽ ኢዛቤል ደ ክሌርን አገባ፤ ከ1216 ጀምሮ በሕፃኑ ንጉሥ በሄንሪ 3ኛ ስም እንግሊዝን እየገዛ በ1219 ሞተ። ይህን ሁሉ ማወቃችን ግን የአንድ ጋሻ ጃግሬ ውለታ ነው። ጆን ኦቭ አርሊ የተባለው ሰው በልጅነቱ በዊሊያም ሞግዚትነት ሥር ገብቶ ጋሻ ጃግሬው ሆነ፤ ኋላም ናይት ሆኖ እስከ ሞቱ ድረስ አልተለየውም። ጌታው ከሞተ በኋላ በፈረንሳይኛ ግጥም የተጻፈው የሕይወት ታሪክ በአብዛኛው የተመሠረተው በዚህ ሰው ትዝታ ላይ ነው።

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። መሰላሉን ያልወጣው የት ሄደ?

መልሱ የሚጀምረው ከገንዘብ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ናይት መሆን እጅግ ውድ ነገር እየሆነ መጣ። የጥሩ ጦር ፈረስ ዋጋ ከአንድ ትንሽ ናይት የዓመት ገቢ ጋር ሊስተካከል ይችል ነበር፤ ጥሩሩ በብረት ሰሌዳ እየተደገፈ ከበደ፤ የሹመቱ ድግስም እንዲሁ። በዚህ ላይ ናይት የሆነ ሰው ለዳኝነት ችሎት ይጠራል፤ መሬት እንዲያጣራ፣ ግብር እንዲተምን፣ ያለ ክፍያ ሲመላለስ ይኖራል። ስለዚህም ብዙ የናይት ልጆች «ይቅርብን» አሉ። መሬታቸውን ይዘው፣ በአባታቸው አዳራሽ ተቀምጠው፣ በስም ጋሻ ጃግሬ ሆነው ቀሩ። ነገሥታቱም ይህን ዝም ብለው አላዩትም። ሄንሪ 3ኛ ከ1224 ጀምሮ፣ ልጁ ኤድዋርድ 1ኛም በ1278 የዓመት ገቢው 20 ፓውንድ የሚደርስ መሬት ያለው ሁሉ ናይት እንዲሆን፣ እምቢ ካለም ቅጣት እንዲከፍል አዘዙ። ማዕረግ በግዴታ የሚታደልበት፣ ተሿሚውም እየከፈለ የሚሸሽበት ጊዜ መጣ ማለት ነው። በ1306 ኤድዋርድ በስኮትላንድ ላይ ሊዘምት ሲነሣ የሹመቱን ልብስ ከራሱ ግምጃ ቤት እንደሚሰጥ አስታወቀ። በዚያ ዓመት በጰራቅሊጦስ በዓል በዌስትሚንስተር ከ250 በላይ ወጣቶች ከንጉሡ ልጅ ጋር ባንድ ቀን ናይት ሆኑ፤ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ በግፊያው ሰው እስከ መሞት እንደ ደረሰ የዘመኑ ጸሐፊ መዝግቧል። ወጪው ሲነሣላቸው የመጡት ብዛት፣ ቀድሞ ያስቀራቸው ምን እንደ ነበር በግልጽ ያስረዳል።

በዚህ መካከል የስሙ ክብር ከፍ እያለ ሄደ። በ1292 ኤድዋርድ 1ኛ ስለ ፈረሰኞች ግጥሚያ ያወጣው ሕግ ማንም ጌታ ከሦስት በላይ ጋሻ ጃግሬ ይዞ እንዳይመጣ፣ እነሱም የጌታቸውን ምልክት እንዲለብሱ ያዛል። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1288፣ በቦስተን የንግድ ትርኢት ላይ ጋሻ ጃግሬዎች ባካሄዱት ግጥሚያ ሰበብ ገበያው ተዘርፎ ተቃጥሎ ስለ ነበር የንጉሡ ሥጋት ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን እነዚሁ ሰዎች የየራሳቸው የጋሻ ምልክትና ማኅተም ያላቸው ሆነው እናገኛቸዋለን። የሌላውን ጋሻ ይይዝ የነበረው የራሱን ጋሻ አሣለ።

የዘመቻ ደሞዙም ተለይቶ ታወቀ። ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው የመቶ ዓመት ጦርነት ናይት በቀን 2 ሽልንግ፣ ስኳየር 1 ሽልንግ፣ በፈረስ የሚሄድ ቀስተኛ 6 ፔኒ ይከፈላቸው ነበር፤ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግም 12 ፔኒ ነው። ይህ አኀዝ ብቻውን ለተማሪ ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ከሌላ አኀዝ ጋር እናስተያየው። በ1388 የወጣው የሠራተኞች ሕግ የአንድ አራሽ የዓመት ደሞዝ ከምግቡ ሌላ ከ7 ሽልንግ እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግዲያው አንድ ስኳየር በሰባት ቀን ዘመቻ የሚያገኘው፣ አንድ አራሽ ዓመቱን ሙሉ ከሞፈሩ ኋላ ሲሄድ ከሚያገኘው ገንዘብ ጋር እኩል ነው። ይህችን ስሌት ተማሪዎች ራሳቸው እንዲሠሯት ብናደርግ መልካም ይመስለናል።

ሁሉም ስኳየር ጦረኛ ሆኖ አልቀረም። ባለቅኔው ጄፍሪ ቾሰር የወይን ነጋዴ ልጅ ነበር። በ1357 በአንዲት ልዕልት ቤት ብላቴና ሆኖ ስሙ በመዝገብ ይገኛል፤ በ1359 ዘምቶ በራንስ አካባቢ ተማረከ፤ ንጉሡ ለቤዛው 16 ፓውንድ አዋጣ። ቀጥሎም የንጉሡ ስኳየር ሆኖ መልእክተኛ፣ የጉምሩክ ሹም፣ በኬንት አውራጃ የሰላም ዳኛ ሆነ። በ1386 ሁለት ቤተሰቦች ስለ አንድ የጋሻ ምልክት ሲካሰሱ ለምስክርነት ቀርቦ ዕድሜው ከ40 በላይ መሆኑንና መሣሪያ መታጠቅ ከጀመረ 27 ዓመት እንደ ሆነው ተናግሯል፤ በዚያም መዝገብ ስሙ የተጻፈው «ስኳየር» ተብሎ ነው። በዚያው ዓመት ኬንትን ወክሎ በፓርላማ የተቀመጠው «የአውራጃው ናይት» በሚባለው ወንበር ሲሆን፣ ናይት ግን ሆኖ አያውቅም። በመሰላላችን ሂሳብ ቾሰር የ21 ዓመቱን እርከን ሳያልፍ የቀረ ጎረምሳ ሊባል ነው!

ወደ ገጠሩ እንውረድ። በ1379 የተጣለው የነፍስ ወከፍ ግብር በየማዕረጉ የተመደበ ስለ ነበር የዘመኑን ኅብረተሰብ እንደ ፎቶግራፍ ያሳያል። ሕጉ ስኳየሮችን በሦስት ይከፍላቸዋል። ናይት ለመሆን የሚበቃ ሀብት ያለው 20 ሽልንግ፣ አነስተኛ መሬት ያለው 6 ሽልንግ ከ8 ፔኒ፣ መሬት ሳይኖረው በሰው ቤት የሚያገለግል ደግሞ 3 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ይከፍላል። ተራው ባላገር ከነሚስቱ 4 ፔኒ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛው ስኳየር እንኳ ከባላገሩ አሥር እጥፍ፣ ከፍተኛው ስልሳ እጥፍ እንደሚችል ተገምቷል። በሦስተኛው ረድፍ የተመዘገበው፣ መሬት አልባው፣ የተማሪያችን ጥያቄ ሰው ነው። ሽበት እስኪያወጣ በሰው አዳራሽ ኖሮ፣ ልብሱም ፈረሱም የጌታው ሆኖ፣ ስሙ ብቻ የከበረ ሰው።

መሬት ያለው ስኳየር ግን የመንደሩ ጌታ ነበር። በእሱ ማነር ሥር ያለው ገባር በሳምንት የተወሰነ ቀን በጌታው እርሻ ላይ ይሠራል፤ በመከር ጊዜ ተጨማሪ ቀን ይሰጣል፤ ሴት ልጁን ሲድር ይከፍላል፤ ሲሞት ካሉት ከብቶች ምርጡ ለጌታው ይነዳል። ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባትም ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። የገባር ልጅ በመሰላሉ ግርጌ እንኳ አልቆመም። በጀርመን ንጉሠ ነገሥት ፍሬዴሪክ ባርባሮሳ በ1186 የባላገርና የካህናት ልጆች የናይትን ዝናር እንዳይታጠቁ በሕግ ከልክሏል፤ በሲሲሊም የ1231 የሜልፊ ሕግ ከናይት ዘር ያልተወለደ ናይት እንዳይሆን ደንግጓል። ስለዚህ ለክፍላችን መሰላሉን ስንሥል፣ መሰላሉ የቆመበትን መሬትም መሣል ይኖርብናል።

በ1348 እና በ1349 ታላቁ ወረርሽኝ ከሕዝቡ ከሦስት አንዱን፣ ምናልባትም እስከ ግማሹን ፈጀ። ሠራተኛ ጠፋ፤ የተረፈውም ጉልበቱ ተወዶለት የተሻለ ደሞዝ ይጠይቅ ጀመር። ፓርላማው በ1351 ደሞዝ ከወረርሽኙ በፊት ወደ ነበረበት ልክ እንዲመለስ ደነገገ። በ1361 ደግሞ በየአውራጃው አንድ ጌታና ሦስት ወይም አራት የተከበሩ ሰዎች ሕግ ከሚያውቁ ጋር ሆነው ሰላም እንዲጠብቁ ሲታዘዝ፣ የሰላም ዳኝነት የሚባለው ሥራ ቋሚ መልክ ያዘ። እነዚህ ዳኞች በብዛት የተመረጡት ከናይቶችና ከስኳየሮች ነው። ጊዜው ሲገፋ የደሞዙንም ሕግ የማስከበር ሥልጣን በእነሱ እጅ ገባ። ነገሩን በግልጽ እንናገረው ከተባለ፣ አራሹን የሚቀጥረው ሰውና አራሹ «ደሞዝ ጨምሩልኝ» በማለቱ የሚከሰስበት ዳኛ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሰው፣ አንዳንድ ጊዜም ያው አንዱ ሰው ነበር። የገጠሩ ስኳየር ኃይል ከጋሻው ይልቅ ከዚህ ወንበር የመነጨ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በመጨረሻም በ1380 ያለ ልዩነት በእያንዳንዱ ሰው ላይ 12 ፔኒ የሚሆን ሦስተኛ ግብር ተጣለ። ባላገሩ ልጆቹንና ዘመዶቹን ከመዝገብ እየደበቀ ሸሸ። በግንቦት 30 ቀን 1381 ጆን ባምፕተን የተባለ የኤሴክስ አውራጃ ዳኛ ይህን ሊመረምር በብሬንትውድ ሲቀመጥ የፎቢንግ መንደር ሰዎች አንከፍልም አሉ፤ ሊያስይዛቸው ሲሞክርም ነድተው አባረሩት። አመፁ ወደ ኬንት ተዛመተ፤ በዋት ታይለር መሪነት ለንደን ገባ። በሰኔ 15 በስሚዝፊልድ ሜዳ ዋት ታይለር ከንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ጋር ፊት ለፊት ቆመ። ንጉሡ በዚያን ጊዜ 14 ዓመቱ ነበር፤ መሰላላችን ለጋሻ ጃግሬ የሰጠው ዕድሜ መሆኑ ነው። ንግግሩ በጠብ ተለወጠና የለንደን ከንቲባ ዊሊያም ዎልዎርዝ ታይለርን መትቶ ጣለው። ታሪክ ጸሐፊው ፍርዋሳር እንደሚተርከው ከፈረሱ ወርዶ የወደቀውን ሰው በሰይፍ የጨረሰው የንጉሡ ስኳየር ነበር፤ በዚያው ቀን ከንቲባውና ስኳየሩ ናይት ተባሉ። ገባርነት ይቅር ብሎ የመጣው ባላገር በወደቀበት ቦታ አንድ ጋሻ ጃግሬ መሰላሉን ወጣ።

ሆኖም መንገዱ ፈጽሞ የተዘጋ እንዳልነበረ የኖርፎክ አውራጃው የፓስተን ቤተሰብ ታሪክ ያስረዳል። በ1419 የሞተው ክሌመንት ፓስተን ከ100 እስከ 120 ኤከር የሚሆን መሬት ይዞ በገዛ እጁ የሚያርስ፣ እህሉን በፈረሱ ጭኖ ራሱም ከላይ ተቀምጦ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ገበሬ ነበር። ገንዘብ ተበድሮ ልጁን አስተማረ። ልጁ ዊሊያም ሕግ ተምሮ የንጉሡ ዳኛ ሆነ፤ መሬትም ገዛ። የልጅ ልጁ ጆን ስኳየር ተባለ። ናይት እንዲሆን ሲፈለግ ግን ሸሸ፤ ማዕረጉን በ1463 የተቀበለው ልጁ ነው። ከሰይፍ ይልቅ መጽሐፍ ያወጣቸው ቤተሰብ በመሆናቸው ለእኛ ለመምህራን ልዩ ትርጉም ቢኖራቸው አይደንቅም።

የዚህ ቤት ደብዳቤዎች ተጠብቀው ቆይተዋል፤ ከነዚያም አንዷ ከብዙ ምዕራፍ ትበልጣለች። በ1448 ሎርድ ሞሊንስ የተባለ መኰንን የፓስተኖችን የግሬሻም ማነር በጉልበት ያዘ። ጆን በለንደን ክስ ሲከታተል ሚስቱ ማርጋሬት በአጠገቡ ባለ ቤት ገብታ ትጠባበቅ ነበር። ከዚያ ሆና ለባሏ በላከችው ደብዳቤ በመዘውር የሚወጠር ቀስት ከነፍላጻው እንዲልክላት ትጠይቃለች፤ እዚያው ወረቀት ላይ ወረድ ብላ ደግሞ ለውዝና ስኳር፣ ለልጆቹም ልብስ የሚሆን ጨርቅ እንዲገዛላት ታዛለች። በ1450 መጀመሪያ የሞሊንስ ሰዎች መጥተው ከቤቱ አስወጧት። የስኳየር ሚስት ማለት ምርት የምታስገባ፣ ጭቃ ሹሙን የምትቆጣጠር፣ ሲመጣም ከበባ የምትቋቋም ሴት ነበረች። የፓስተኖች ጠላቶች ቤተሰቡ ከገባር ዘር ነው ብለው ከሰሱ፤ ንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ በ1466 ከጥንት ጀምሮ የከበሩ ጨዋዎች ናቸው ብሎ በጽሑፍ አረጋገጠላቸው። የክሌመንት ሞፈር ከተሰቀለ ገና 50 ዓመት አልሞላውም ነበር።

በፈረንሳይ ነገሩ ትንሽ ለየት ይላል። እዚያም «ኤኩዬ» የሚለው ስም ናይት ያልሆነ ባላባት ሁሉ መጠሪያ ሆነ፤ የኋላው የጦር አዛዥ ቤርትራንድ ዱ ጌክላን እንኳ ናይት የሆነው በ1354፣ በ34 ዓመቱ ገደማ ነው። የጃንዳርክ ጋሻ ጃግሬ የነበረው ዣን ዶሎንም በ1456 ስሟን ለማደስ በተደረገው ምርመራ ስለ እሷ ከመሰከሩት አንዱ ነው።

በእንግሊዝ ግን ስኳየርነት ከሜዳው ይልቅ ከመንደሩ ጋር ተጣበቀ። በ1445 የወጣው ሕግ አውራጃን ወክሎ ፓርላማ የሚገባ ሰው ናይት፣ አለዚያም ናይት ለመሆን የሚበቃ የታወቀ ስኳየር ወይም ጨዋ እንዲሆን፣ ከዚያ በታች ያለ ግን እንዳይገባ ደነገገ። ጥሩርና ጦር ከሙዚየም ከገቡ በኋላም የመንደሩ ባለ መሬት «ስኳየር» መባሉን ቀጠለ፤ ዳኛውም፣ አከራዩም፣ የመንገዱና የድልድዩ ተቆጣጣሪም እሱ ነበር። የአውራጃው አስተዳደር ከነዚህ ዳኞች እጅ ወጥቶ ለተመረጡ ምክር ቤቶች የተሰጠው በ1888 በወጣው ሕግ ነው። ስሙ ደግሞ በሌላ በኩል ወጣ፤ በእንግሊዝ በደብዳቤ ፖስታ ላይ ከማንኛውም ሰው ስም ኋላ የሚጻፍ የአክብሮት ቃል ሆነ። ባሕር ማዶ በአሜሪካ ደግሞ የጠበቆች መለያ ሆኖ ቀርቷል፤ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የቤት ኪራይ ጉዳይ ሲያጋጥማቸው በሚሄዱበት ቢሮ በር ላይ ከጠበቃው ስም ቀጥሎ በአጭሩ ተጽፎ የሚያዩት ይህንኑ ጋሻ ጃግሬ ነው።